ተያዥ የማይጠይቅ ሥራ

«እትዬ፣ እንደምን ከርመዋል? የምጽፍልዎት ከደብረ ብርሃን፣ ከጠባሴ ነው። 26 ዓመቴ ነው። በአካውንቲንግ ከተመረቅኩ ሦስት ዓመት ሆነኝ። አንድ የግል ድርጅት ውስጥ ሁለት ዓመት ሠርቼ ሠራተኛ ሲቀንሱ ወጣሁ። ከዚያ ወዲህ እናቴ ቤት ነኝ። ከቤት ሆኜ ለውጭ ድርጅት የምሠራው ሥራ ስፈልግ ከ60 በላይ ማመልከቻ ልኬአለሁ። የመለሱልኝ ሁለት ብቻ ናቸው። በመጀመሪያው ኢንተርቪው መሃል ላይ መብራት ጠፋ። ከመጥፋቱ በፊትም ጠያቂዋ ሁለት ጊዜ "ደህና ነሽ?" ብላኛለች፤ ለምን እንዳለችኝ እስካሁን አልገባኝም። ሁለተኛው ኅዳር አጋማሽ ላይ ነው። ለንደን ያለ አነስተኛ የሒሳብ ሥራ ድርጅት ነው፤ ረቡዕ 11 ሰዓት ብለውኛል። በቴሌግራም ደግሞ አንድ ሰው 3,500 ብር ከከፈልሽ በዶላር የሚከፈል ሥራ አስገባሻለሁ ይለኛል። እናቴ "ቢሮ የሌለው ሥራ ምን ሥራ ነው?" ትላለች። ምን ይመክሩኛል?»

እህቴ፣ ከ3,500 ብሩ ልጀምር፤ እሱ አጭር ነው። አትክፈዪ። ቀጣሪ ለሠራተኛ ይከፍላል እንጂ ሠራተኛ ለቀጣሪ አይከፍልም። «ለምዝገባ ነው» ቢልሽም፣ «ለሥልጠና ነው» ቢልሽም፣ «ይመለስልሻል» ቢልሽም ያው ነው። የፋይዳ መታወቂያሽን ፎቶ ላኪልኝ ካለሽም እንዳትልኪ። «የተከፈተ የአፕወርክ (የርቀት ሥራ የሚገኝበት ድረ ገጽ) አካውንት አከራይሻለሁ» የሚሉም አሉ። በሌላ ሰው ስም መሥራት በአፕወርክ ደንብ ክልክል ነው። አካውንቱ የተዘጋ ቀን የለፋሽበት ገንዘብም አብሮ ይዘጋል። ለማን አቤት ትያለሽ?

አሁን ወደ ቁም ነገሩ። የሒሳብ ሰው ስለሆንሽ ተያዥ የሚባለውን ነገር በደንብ ታውቂዋለሽ። እኛ አገር ገንዘብ የሚነካ ሥራ ልትገቢ ስትዪ መጀመሪያ የሚጠየቀው እሱ ነው። ቋሚ ደመወዝ ያለው፣ ከመሥሪያ ቤቱ ደብዳቤ የሚያጽፍልሽ ሰው። ተያዥ ባይጠየቅ እንኳ «የማን ልጅ ነሽ?» አይቀርም። አባትሽ ማን ነው፣ አጎትሽ የት ይሠራል፣ አገርሽ የት ነው፤ መንዝ ነሽ ቡልጋ፣ ተጉለት ነሽ ይፋት። አንድ የሚያውቅሽ ሰው ከተገኘ ነገሩ አለቀ።

ለንደን ያለው ጠያቂሽ ይህን ሁሉ አያውቅም። ተያዥ አይጠይቅሽም፤ ደስ ይላል። ግን ስለ አንቺ አንዲት ቃል የሚመሰክርለት ሰውም የለውም። ስለዚህ የሚፈርደው በዓይኑ ባየው ትንሽ ነገር ነው። በሰዓቱ ገባች? ድምጿ ይሰማል? የሠራችውን አሳየችኝ? ችግር ሲገጥማት ምን አደረገች? 60ው ማመልከቻሽ መልስ ያጣው ችሎታ ስላነሰሽ አይመስለኝም። ውስጡ ተያዥ የለም። እኔ የምነግርሽ ነገር ሁሉ ይህን ተያዥ በእጅሽ ስለመሥራት ነው።

ከሁሉ ያስደነገጠኝ ግን «ረቡዕ 11 ሰዓት» ያልሽው ነው። በየትኛው ሰዓት አቆጣጠር? የጻፉልሽ በራሳቸው ሰዓት ከሆነ፣ ኅዳር ላይ ለንደን ከእኛ በ3 ሰዓት ወደ ኋላ ናት። የእነሱ የረፋድ 11፣ በፈረንጅ አቆጣጠር የእኛ ከሰዓት 2 ነው። ይኸውም እኛ 8 ሰዓት የምንለው። አንቺ በአገርሽ 11 ሰዓት ብለሽ ብትቀመጪ እነሱን በሦስት ሰዓት ታጫቸዋለሽ። ዛሬውኑ አጭር ኢሜይል ጻፊላቸው። «ቀጠሮአችን በለንደን ረፋድ 11፣ በአዲስ አበባ በፈረንጅ አቆጣጠር ከሰዓት 2 መሆኑን ላረጋግጥ ብዬ ነው» በይ። ይህን መጠየቅ አያሳፍርም። እንዲያውም ለሒሳብ ሠራተኛ ጥሩ ምልክት ነው፤ የምታረጋግጥ ሰው ናት ይላሉ።

ይህን የምልሽ ተቃጥዬበት ነው። ከዓመታት በፊት በርሊን ካለ ድርጅት ጋር ለሰኞ፣ በእነሱ ረፋድ 10 ሰዓት ተቀጣጠርን። ዓርብ ዕለት ስቆጥረው የእኛ ቀትር 6 ሰዓት ሆነ። ያ እሑድ ለካ የማርች የመጨረሻው እሑድ ኖሯል። አውሮፓውያን በዚያች ሌሊት ሰዓታቸውን አንድ ሰዓት ወደ ፊት ይገፋሉ፤ በኦክቶበር የመጨረሻ እሑድ ይመልሱታል። ሰኞ ቀጠሮዬ የእኛ 5 ሰዓት ሆኖ አደረ። እኔ 6 ሰዓት ላይ ፀጉሬን ተሠርቼ፣ ነጠላዬን አስተካክዬ ስገባ ማንም የለም። ይቅርታ ብዬ ጻፍኩ። መልስ አልመጣም። ወደፊት ከአሜሪካኖች ጋር ከተቀጣጠርሽ ደግሞ የእነሱ ቀን ሌላ ነው፤ በማርች ሁለተኛ እሑድ ይገፋሉ፣ በኖቬምበር የመጀመሪያ እሑድ ይመልሳሉ። እኛ ጋ ሰዓቱን የሚነካው ስለሌለ ነገሩን እንረሳዋለን። የስልክሽ ሰዓት ላይ ለንደንን ጨምሪና በየጊዜው እያየሽ ልመጂው።

የዓመተ ምሕረቱም ነገር እንደዚሁ ነው። ሲቪሽ ላይ በእኛ አቆጣጠር «2014 ተመረቅኩ» ብለሽ ጽፈሽ ከሆነ፣ ለንደን ላይ የሚያነበው ሰው በ15 ዓመትሽ ዲግሪ የያዝሽ ይመስለዋል። በእነሱ 2022 ነው። ስምሽም አንድ ዓይነት ይሁን። ዲግሪው ላይ በእንግሊዝኛ የተጻፈበት ሆሄ፣ ፋይዳው ላይ፣ ባንክ ደብተርሽ ላይ እየተለያየ ብዙ ሰው ደመወዙ መንገድ ላይ ሲቆምበት አይቻለሁ። ፎርሙ «የቤተሰብ ስም» ሲልሽ የአባትሽን ስም አስገቢ፤ ሁሉም ቦታ ላይ ያንኑ። ፎቶሽን፣ የትውልድ ቀንሽን፣ ሃይማኖትሽንና የጋብቻ ሁኔታሽን ደግሞ ከሲቪው አውጪ። እኛ ጋ የተለመደ ነው፤ እንግሊዞች ጋ ግን አይጻፍም።

ስለ 60ው ማመልከቻ አንድ ነገር ልበል። ሁሉም ላይ ያንኑ ደብዳቤ እንደላክሽ እገምታለሁ። አትፈሪ፣ እኔም እንደዚያው ነበርኩ። ማስታወቂያው ሥር በትንሹ «እዚህ አገር ለሚኖሩ ብቻ» የሚል መስመር ይኖራል። እሱን ሳያነቡ መላክ ጊዜም ልብም ይጨርሳል። አፕወርክ ላይ ከሆነ ማመልከቻው ራሱ በገንዘብ በሚገዙ ነጥቦች ነው የሚላከው። በሳምንት አምስት ብቻ ላኪ፤ አምስቱ ግን ማስታወቂያው የጠየቀውን ነጥብ በነጥብ የሚመልሱ ይሁኑ። ሊንክድኢን ላይ ገጽሽን አስተካክዪ። የአገር ውስጡንም አትናቂው። በኢትዮጆብስ፣ በሐሁ ጆብስና በአፍሪወርክ ላይ አዲስ አበባ ያሉ ድርጅቶች ከቤት የሚሠራ ሰው ሲፈልጉ ይታያል። ደብረ ብርሃን 130 ኪሎ ሜትር ነው፤ በወር አንዴ ቢጠሩሽም ደርሶ መልስ ነው።

እኔ የደብረ ሲና ልጅ ነኝ። አውቶቡስ ሲቆም ቆሎ ሻጮቹ እንዴት እንደሚከቡት ታውቂያለሽ። ቆሎዬ ጥሩ ነው ብሎ የሚከራከር የለም፤ በመስኮት እጁን ሰዶ እፍኝ ያቀምስሻል። ቅመሽው፣ ከዚያ ትገዢያለሽ። ያንቺ እፍኝ የት አለ?

ምናልባት «ከሒሳብ ሶፍትዌር ፒችትሪ እንጂ ሌላ አላውቅም» ትይኝ ይሆናል። ዴቢትና ክሬዲት አገር አይለይም። እንግሊዝ ያሉ ትናንሽ ድርጅቶች በብዛት የሚሠሩት በኩዊክቡክስ ኦንላይንና በዚሮ ነው። ሁለቱም ለመለማመጃ የተዘጋጀ የይስሙላ ድርጅት አላቸው፤ ሳትከፍዪ ገብተሽ የፈለግሽውን ብታበላሺ የሚቆጣሽ የለም። እዚያ ግቢና የአንድ ወር ባንክ ሪኮንሲሌሽን ሥሪ፤ መዝገቡን ከባንኩ ሒሳብ ጋር አስታርቂ ማለቴ ነው። ያልተከፈሉ ደረሰኞችን በዕድሜያቸው ለዪ። ያየሽውን ስህተትና ያስተካከልሽበትን መንገድ በሁለት ገጽ ጻፊ። ከዚያ ስክሪንሽን እየቀረጽሽ፣ በራስሽ ድምፅ፣ በአራት ደቂቃ አስረጂው። ይህ ነው እፍኝ ቆሎው። እንግሊዝኛሽንም፣ ሥራሽንም፣ ንጽሕናሽንም በአንድ ጊዜ ያሳያል።

አደራ ግን፣ የድሮ መሥሪያ ቤትሽን እውነተኛ ሒሳብ ለናሙና ብለሽ እንዳታሳዪ። ስሙን ብታጠፊው እንኳ። የእነዚያን ምስጢር ለእኔ ያሳየች፣ የእኔን ለማን ታሳይ ይሆን ይላል ጠያቂው። ተያዥሽን በገዛ እጅሽ ማባረር ነው።

ትንሽ ደግሞ ስለ አገራቸው አንብቢ። የእኛ ቫት 15 በመቶ ነው፤ የእነሱ መደበኛው 20 በመቶ። የእኛ የበጀት ዓመት ሐምሌ 1 ይጀምራል፤ የእነሱ የግለሰብ ግብር ዓመት ኤፕሪል 6 ቀን። ይህን የምታውቅ ልጅ ከደብረ ብርሃን መጣች ማለት ለእነሱ ትልቅ ነገር ነው። ሁሉን አውቃለሁ አትበዪ እንጂ።

መብራቱን በተመለከተ፣ መጥፋቱ ጥፋትሽ አይደለም። ከጠፋ በኋላ ምን አደረግሽ? ደብዳቤሽ እሱን አልነገረኝም። እዚያ ላይ ነው የሚፈረደው። መብራት ሲሄድ ዋይፋዩም አብሮ ይሄዳል፤ የስልክ ዳታ ግን ብዙ ጊዜ ይቆያል። ስለዚህ ሁለት ሲም ያዢ፣ አንዱ ኢትዮ ቴሌኮም፣ አንዱ ሳፋሪኮም። ዙም ለሁለት ሰው ጥሩ ቪዲዮ 600 ኪሎቢት በሰከንድ ይበቃል ይላል። መሄጃውንም መምጫውንም ብትደምሪው በሰዓት ግማሽ ጊጋ ገደማ ነው። እያንዳንዱ ሲም ላይ 2 ጊጋ ካለሽ ተኝተሽ እደሪ። ዙሙን ላፕቶፑ ላይም ስልኩ ላይም ጫኚው፤ አንዱ ሲሞት በሌላው ትገቢያለሽ። ኔትወርኩ ሲንተፋተፍ «ቪዲዮዬን ላጥፋና በድምፅ እንቀጥል» በይ፤ ድምፅ ብቻ ሲሆን የሚበላው እጅግ ትንሽ ነው። ለክፉ ቀን ደግሞ ኢሜይል አስቀድመሽ ጽፈሽ አዘጋጂ። መብራት እንደጠፋ፣ በስንት ደቂቃ ውስጥ በስልክ እንደምትመለሺ፣ ካልሆነ የትኛው ሰዓት እንደሚመችሽ የሚገልጽ ሦስት መስመር። መብራቱ በጠፋ በሁለት ደቂቃ ውስጥ እሱ ከደረሳቸው ጥፋቱ ወደ ጥቅም ይዞራል፤ ችግር ሲመጣ የምትጠፊ ሰው እንዳልሆንሽ አዩ ማለት ነው።

ክፍሉን ለማዘጋጀት ብዙ ወጪ የለውም። ፊትሽን ወደ መስኮት አዙሪ፤ መስኮት ከጀርባሽ ከሆነ ጥላ ትመስያለሽ። ላፕቶፑን ቁና ገልብጠሽ ከላዩ አስቀምጪው፣ ካሜራው ከዓይንሽ እኩል ይሆናል። ባዶ ክፍል ድምፅ ያስተጋባል፤ ደብረ ብርሃን ተቀምጠሽ ደግሞ ብርድ ልብስ አታጪም። ከካሜራው ጀርባ ግድግዳው ላይ አንድ ባና ወይም ወፍራም ብርድ ልብስ ስቀዪ። የኅዳር ብርድ ካስቸገረሽ ጋቢውን ከወገብ በታች ተከናነቢው፣ ማንም አያይም። ቀኑ ከኅዳር 12 ጋር ከገጠመ ደግሞ መስኮቱን ዝጊ፤ ሠፈሩ ሁሉ ቆሻሻ ሲያቃጥል ጭሱ አያስተርፍሽም።

አሁን ወደዚያ «ደህና ነሽ?» ወዳለችሽ ሴትዮ። ስታወራ አንቺ በመስማማት ምን ታደርጊ ነበር? እንደ እኔ ከሆንሽ ትንፋሽሽን ወደ ውስጥ ሳብ አድርገሽ «እህ» ትያለሽ። እኛ ዘንድ እሺ፣ ገብቶኛል ማለት ነው። ለፈረንጅ ጆሮ ግን የደነገጠ ወይም ያመመው ሰው ድምፅ ነው። በኢርፎን ሲሰማ ደግሞ ይብሳል። ቅንድብ ከፍ አድርጎ «አዎ» ማለትም ለእነሱ መልስ አይደለም። ቃሉን አውጥተሽ ተናገሪ። ዓይንሽንም አትስበሪ። እኛ ለትልቅ ሰው አክብሮት ዓይናችንን ዝቅ እናደርጋለን፤ እነሱ የሚደብቅ ሰው ይመስላቸዋል። ስትመልሺ የምታዪው የሰውየውን ፊት ሳይሆን የካሜራዋን ቀዳዳ ነው። መጀመሪያ ላይ ይከብዳል፤ እኔ ከካሜራዬ አጠገብ የልጄን ፎቶ ለጥፌ ነው የለመድኩት።

ከዚህ ሁሉ የሚከብደው ግን ይሉኝታ ነው። «እኔ ይህን ሠራሁ» ማለት አፋችን ላይ አይመጣም። ጉራ ይመስለናል። «ሠርተናል፣ አስተካክለናል፣ በእግዚአብሔር ቸርነት ተሳክቷል» እንላለን። ጠያቂው ደግሞ ይህን ሲሰማ ሥራውን ሌላ ሰው ሠርቶት እሷ አጠገቡ ነበረች ብሎ ይጽፋል። ያለፈ ሥራሽን ሲጠይቅሽ ታሪኩን በአራት ነገር ንገሪው። ነገሩ እንዴት ነበር? ያንቺ ድርሻ የትኛው ነበር? አንቺ በእጅሽ ምን አደረግሽ? መጨረሻው በቁጥር ምን ሆነ? «የሦስት ወር የባንክ ሒሳብ ሳይታረቅ ቆይቶ ነበር። እንዳስታርቅ ለእኔ ተሰጠኝ። ቼኮቹን አንድ በአንድ አመሳከርኩ፣ ሁለት ጊዜ የተመዘገቡትን አገኘሁ። በሁለት ሳምንት ጨረስኩ።» ይህ ጉራ አይደለም፤ ሪፖርት ነው። ባንቺ ላይ የደረሰውን ብቻ ተናገሪ፤ የእኔን ምሳሌ ሸምድደሽ እንዳትገቢ። ከስክሪን ላይ የምታነቢውም ይታወቅብሻል፣ ዓይን ወደ ግራ ወደ ቀኝ ሲሄድ ያሳብቃል።

አንድ ጓደኛሽን ሌላ ቤት አስቀምጪና በጉግል ሚት ትጠይቅሽ። በስልክ ቅረጪውና ተመልከቺው። የመጀመሪያውን ቪዲዮ ስታዪ መሬት ተከፍታ ብትውጥሽ ትወጃለሽ። ሦስተኛው ይሻላል። እንግሊዝኛው ካመለጠሽ «ይድገሙልኝ» በይ፣ ቀስ ብለሽ ተናገሪ። አክሰንትሽን አትቀይሪ።

ደመወዝ ሲጠይቁሽ «የሰጣችሁኝን» እንዳትዪ። ይህም ይሉኝታ ነው። ተመሳሳይ ማስታወቂያዎች ምን እንደሚከፍሉ አስቀድመሽ እይና ከዚህ በታች አልወርድም የምትዪውን ቁጥር በልብሽ ያዢ። ከዚያ ከፍ ያለውን ተናገሪ። እንደ ተቋራጭ ነው የምትቀጥሩኝ ወይስ እንደ ሠራተኛ ብለሽም ጠይቂ፤ ተቋራጭ ከሆንሽ ጡረታም የሕመም ፈቃድም የለም፣ ቁጥርሽ ያንን ማካካስ አለበት። አከፋፈሉን ከመፈረምሽ በፊት ጨርሺ። ባንክሽ ሄደሽ የስዊፍት ኮዱን፣ ከውጭ ገንዘብ ሲላክ ባንኩ የሚለይበትን መለያ፣ ያዢ። በሐምሌ 2016 የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ፣ በውጭ ምንዛሪ ደመወዝ የሚያገኝ ሰው የውጭ ምንዛሪ ሒሳብ እንዲከፍትም ተፈቅዷል። ባንኮቹ የሚሰጡት ዋጋ ስለሚለያይ ሁለት ሦስቱን ጠይቂ። ግብሩ የራስሽ ጉዳይ ይሆናል፤ አንቺ የሒሳብ ሰው ነሽ፣ እኔ አልነግርሽም።

እናትሽን አትከራከሪያቸው። እሳቸው የሚያውቁት ሥራ ጠዋት የሚወጣ፣ ማታ የሚገባ፣ ሰው ሲጠይቅ የሚጠራ መሥሪያ ቤት ያለው ነው። በዚያ ላይ ልጃቸውን አንድ ጊዜ ሠራተኛ ሲቀነስ አይተዋል። የሠራሽውን የአራት ደቂቃ ቪዲዮ አሳዪያቸው። እንግሊዝኛው ባይገባቸውም ልጃቸው ስታስረዳ ያያሉ። ከዚያ ሥራ ስጫቸው። ረቡዕ ዕለት የበሩ ዘበኛ እሳቸው ይሁኑ፤ ጎረቤት ሲመጣ የሚመልሱት፣ ልጆቹን ወደ ደጅ የሚያወጡት፣ ዶሮውን የሚያባርሩት። ቡናውም ከ7 ሰዓት ተኩል እስከ 9 ሰዓት አይወቀጥ። ሙቀጫ በዙም ሲሰማ ምን እንደሚመስል አንድ ጊዜ ፈረንጅ ጠይቆኝ አስረድቻለሁ።